የአባባን ጃዋ ማን ገደለው?

ይድረስ ለወንድሜ ለአስናቀ ገድሉ፣ ጂንካ

ወንድምዓለም፣ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ግሬደር ላይ ስትውል ያምሃል የተባለው ወገብህ ተሻለህ? ወባው ዘንድሮ ማረህ? ውኃ አፍልተህ ትጠጣለህ ወይስ እንደ ድሮህ ከጄሪካኑ እያንደቀደቅህ ነው? እጮኛህ ማኅሌትስ ደኅና ናት? ፊቷን በፎቶግራፍ ብቻ ብናውቀውም እማዬ በጸሎቷ ስሟን ከአንተ ስም አስከትላ ትጠራዋለች። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እማዬም አባባም፣ ባለቤቴ መልካሙም፣ ልጃችን ሲናም፣ እኔም ደኅና ነን። ደኅና ነን ስልህ ግን በጤና በኩል ነው። በሐሳብ በኩል እኔ ግራ ገብቶኛል። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። እንግዲህ እንደመጣልኝ ልጻፍልህ፤ አንተ እያስተካከልህ አንብበው።

የሥራ ባልደረባህ ሀዲስ ይዞት የመጣው ደብዳቤህ በጥር ደርሶናል። ካምፓችሁ ስልክ ስለማይሠራበት እጅ በእጅ መላክህ ጥሩ ነው። ሠርግህ ከፋሲካ በኋላ እዚያው ጂንካ እንደሚሆን፣ በአባት ቦታም የእማዬ ወንድም መሪጌታ መርስዔ ኀዘን እንዲቆሙልህ ለምነሃቸው እሺ እንዳሉህ አነበብሁ። ያነበብሁት ለእማዬ ጮክ ብዬ ነበር። አባባ ከጓሮ ገብተው በሩ ላይ መቆማቸውን አላየሁም። ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ። ያን ቀን ምሳ አልበሉም። እማዬ ጾም ይዘው ይሆናል አለችኝ፤ ቀኑ ግን ማክሰኞ ነበር።

ጃዋውን፣ የአባባን አሮጌ ሞተር ሳይክል፣ ላስነሣ ብዬ የተነሣሁት ያን ጊዜ ነው። በእኔ ስሌት ነገሩ ቀላል ነበር። አንተና አባባ የተቀያየማችሁት በሞተሩ ነው፤ እንግዲያው ሞተሩ ከተነሣ ቅያሜውም ያበቃል። ቀኑን ሙሉ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ማሽን ስትፈታና ስትገጥም የምትውል ሴት እንዲህ ብታስብ አይፈረድባትም። ሞተሩ ከጓሮ በቆርቆሮ እንደተሸፈነ ነበር። ቆርቆሮውን ባነሣው መቀመጫው ላይ ዕንቁላል የታቀፈች ዶሮ ተቀምጣለች። እስክትፈለፍል ሁለት ሳምንት ጠበቅኋት።

የተቀያየማችሁበትን ያን ቀን አንተ ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለህ። እኔ ቤት ሆኜ ያየሁትና የሰማሁት ይህ ነው። በ2003 ዓ.ም. አባባ ለእንስሳት ጤና ሥራቸው ወደ ቁንዝላ የሚወስዱትን የከብት ክትባት በበረዶ ሣጥን አሽገው፣ እግራቸውን አሟቸው ስለነበር አንተን ላኩህ። ሞተሩ ውስጡ ተጣብቆ መንገድ ላይ ቀረ። መኪና እስክታገኝ በረዶው ቀለጠ፣ ክትባቱ ተበላሸ፣ ከብታቸውን ሰብስበው የዋሉት ገበሬዎች እንዲሁ ተመለሱ። አባባ ጎረቤት በተሰበሰበበት፣ ዘይት ሳትቀላቅል ነድተህ ሞተሬን ገደልኸው፣ ሁለተኛ የእኔን ዕቃ እንዳትነካ አሉህ። አንተ አንዲት ቃል አልመለስህም። በወሩ ከመንገድ ሠሪዎቹ ጋር ወደ ደቡብ ሄድህ። ከዚያ ወዲህ የመጣኸው አያታችን ያረፉ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያኔም ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠህ ቤት ሳትገባ ተመለስህ።

ወደ ሞተሩ ልመለስ። እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ፈትቼ በቀዳዳው ናፍጣ አፈሰስሁበትና ዐሥር ቀን ተውሁት። ከዚያ እንጨት ደግፌ በመዶሻ ቀስ እያልሁ ስመታው ፒስተኑ ወጣ። ጎኑ ክፉኛ ተቧጥጧል፤ ቀለበቶቹም ከቦታቸው ላይ ደርቀው ቀርተዋል። በጨርቅ ጠቅልዬ እዚሁ ሰፈራችን ግሽ አባይ ወዳሉት መካኒክ ወደ ጋሽ ሀብተ ሥላሴ ወሰድሁት። ከደርግ ጊዜ ጀምረው እንዲህ ያለውን ሞተር ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ወደ ብርሃን አዙረው አዩትና ደርቆ ነው የሞተው አሉኝ። ይህ ሞተር እንደ መኪና የራሱ ዘይት የለውም፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ካልገባለት እርስ በርሱ ይበላላል አሉ። አባባ በከብት ሲሪንጅ ለአንድ ሊትር ቤንዚን አርባ ሚሊ ሊትር እያሉ ዘይት ሲለኩ የነበረው ለዚህ ኖሯል። እኔ ያኔ ሞተሩን መድኃኒት የሚያጠጡት ይመስለኝ ነበር። ቀጥለው ጋሽ ሀብተ ሥላሴ፣ ዘይት ያልገባበት ጥሬ ቤንዚን የጨመረበት ሰው ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። የለም ብዬ ወጣሁ።

የለም ያልሁት ውሸት መሆኑ ትዝ ያለኝ ቤት ከደረስሁ በኋላ ነው። አንተ ከመላክህ ሦስት ቀን በፊት አባባ ለቅሶ ሄደው ሳለ ሞተሩን ገፍቼ አወጣሁና ጓደኛዬን እናትዓለምን ከኋላ ጭኜ እስከ አባይ ድልድይ ነዳሁት። ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ቤንዚኑ መጉደሉን አባባ እንዳያውቁብኝ ከመንገድ ዳር በላስቲክ ጠርሙስ አንድ ሊትር ገዝቼ ሞላሁበት፤ ጥሬውን። በብልጠቴም ለብዙ ጊዜ ኮርቼበታለሁ። ስለዚህ ገዳዩ እኔ ነኝ አልሁ። አሥራ አራት ዓመት የተሸከምኸው የእኔን ጥፋት ነበር ማለት ነው። ገበታ ሳልቀርብ መተኛት ጀመርሁ፤ መልካሙ አሞሽ እንደሆነ ሐኪም ቤት እንሂድ እስኪለኝ ድረስ።

ይህንኑ ልጽፍልህ ወረቀት አውጥቼ ሳለሁ ደግሞ የቤንዚን መያዣው ነገር መጣ። ጋሽ ሀብተ ሥላሴ ሰልባትዮ ይሉታል። ውስጡ ዝጎ ስለነበር ከሐይቁ ዳር ደቃቅ ጠጠር ለቅሜ፣ ከሎሚ ጭማቂ ጋር ጨምሬበት መነቅነቅ ነበረብኝ። ለብቻዬ ስለከበደኝ እማዬ በአንድ በኩል ያዘችልኝና ወተት እንደሚናጥ ሁለታችን ስንንጠው ዋልን። ስንደፋው ቀይ ጭቃ ወጣ። ይህ ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ። ለዓመታት ውኃ ተኝቶበት ኖሯል አልኋት። በእሷ በኩል ያለውን ለቀቀችው፤ እግሬ ላይ ወደቀ። እሷም እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች።

እማዬ ለካ በየወሩ በሃያ አንድ፣ ከሐይቁ ደሴት በታንኳ ከሚመጣላት ጸበል አንድ ስኒ ሰልባትዮው ውስጥ ስታፈስ ኖራለች። አባባ በዚያ በቁንዝላ መንገድ ወድቀው እንዳይቀሩባት ብላ ነው። አንተ በተላክህበት ጠዋት ግን ልጅ ነው፣ መንገዱንም አልለመደውም ብላ ሁለት ስኒ አደረገች። ጸበል ይጎዳል እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። ውኃ ከቤንዚን በታች እንደሚተኛና እሱ ሲሳብ ዘይቱም ቤንዚኑም ሳይደርስ እንደሚቀር ጋሽ ሀብተ ሥላሴ ነግረውኛል። ለእሷ ግን ጎማ ላይ ቢሆን ይሻል ነበር ብቻ አልኋት። ለአባትሽ እንዳትነግሪ ብላ አስማለችኝ። ለአንተ እንዳልነግር ስላላስማለችኝ ነግሬሃለሁ።

በዚያው ሰሞን አባባ መቀመጫቸውን ወደ ጓሮ አመጡ። እስከዚያ ድረስ ስሠራ እያዩ ያልፋሉ እንጂ አንድ ነገር ብለው አያውቁም ነበር። ፒስተኑን አሳዪኝ አሉኝ። መነጽራቸውን አድርገው በመዳፋቸው ላይ ሲያገላብጡት ቆዩና፣ ዘይት ኖሮት እንደነበረና እንዳልነበረ ከዚህ ላይ ይታወቃል ወይ ብለው ጠየቁኝ። መድረቁ እንጂ ለምን እንደደረቀ አይታወቅም አልኋቸው። ቢታወቅ ይሻለኝ ነበር አሉ። ከዚያም ነገሩኝ። አንተን በላኩበት ቀን ዋዜማ ከጄሪካን ቤንዚን ሲሞሉ ሰው ጠርቷቸው ነበር። ዘይቱን በሲሪንጅ ጨምረው ሄደው ይሁን፣ ወይም ስመለስ ብለው ትተውት ይሁን እስከ ዛሬ አያውቁም። ጠዋት አንተ ሞተሩ ላይ ሆነህ፣ አባባ፣ ዘይት አለው ወይ ብለህ ጠየቅሃቸው። አለው፣ ሂድ አሉህ። ይህን ተናግረው ፒስተኑን በራሳቸው መሐረብ ጠቅልለው መለሱልኝ። እሳቸውም ለእናትሽ እንዳትነግሪ አሉኝ።

እንግዲህ ፍረደኝ ወንድሜ። ፒስተኑ አንድ፣ ገዳዩ ሦስት። ሦስታችንም በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ከአንድ ገበታ እየበላን፣ አንዳችን ከሌላችን ተደብቀን ኖረናል። አባባ ብቻ ናቸው ቢባል የእኔ አንድ ሊትር የት ይገባል? የእኔ ነው ቢባል የእማዬ ሁለት ስኒ? ሁሉንም ይዤ ተመልሼ ጋሽ ሀብተ ሥላሴ ዘንድ ሄድሁ። መጀመሪያ ሳቁብኝ። ቀጥለው አንዱም ሊሆን ይችላል፣ ሦስቱም ሊሆን ይችላል፣ ሦስቱም ላይሆን ይችላል፤ ሞተሩ ራሱ ያኔ ሽማግሌ ነበር፣ እኔ መካኒክ እንጂ ዳኛ አይደለሁም፣ ሌላ ፒስተን ግጠሚና ሥራሽን ቀጥዪ አሉኝ።

ከሁሉ ይልቅ የምታስቸግረኝ ግን አንተ ነህ። የእማዬን ስኒ አታውቅም፣ የእኔንም ጠርሙስ አታውቅም። አባባን መጠየቅህን ግን ታውቃለህ። ጎረቤቱ ሁሉ ቆሞ ሲሰማ፣ ጠይቄዎት አለው ብለውኝ አልነበረም ወይ ብትል ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። ለምን ዝም አልህ? ሰው ፊት እንዳያፍሩ ብለህ ነው? ራሳቸው ያስታውሱታል ብለህ ስትጠብቅ ነው አሥራ አራት ዓመት ያለፈው? ወይስ ተናድደህ፣ ይቆጫቸው ብለህ ነው? አንድ ቀን ለአክብሮትህ አለቅስልሃለሁ፤ በማግሥቱ እናደድብሃለሁ። በዝምታህ እሳቸውንም ቀጥተሃቸዋልና። ምናልባት አንተም አታውቀው ይሆናል።

ለማንኛውም ሞተሩ ተነሥቷል። ከሌላ ሞተር የተገኘ ፒስተን ብረት በሚቀርጹበት ቶርኖ ቤት ተስተካክሎ ተገጠመለት። በየካቲት አንድ ቅዳሜ ሁሉም ባለበት ረገጥሁት፤ በሰባተኛው ያዘ። ግቢው በሰማያዊ ጭስ ተሞላ፣ እማዬ እልል አለች። አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ብለቀው ግን ወደ ፊት በመሄድ ፈንታ ወደ ኋላ ሄደና የእማዬ ጌሾ ውስጥ ከተተኝ። የሆነው ነገር ሊገባኝ አልቻለም። ለካ እንዲህ ያለ ሞተር ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ ከተዛነፈ ወደ ኋላ ዞሮ ሊነሣ ይችላል፤ ጋሽ ሀብተ ሥላሴ በግማሽ ሰዓት አስተካከሉት። አባባ ግን ጌሾው ውስጥ ሆኜ ሲያዩኝ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። እንዲህ ሲስቁ አንተ ከሄድህ ወዲህ አላየኋቸውም። ሳቃቸው ሲያልቅ መሐረባቸውን አውጥተው ወደ ቤት ገቡ፤ ተከትያቸው አልገባሁም።

አሁን እሑድ እሑድ ሐይቁ ዳር ደርሼ እመለሳለሁ። ቤንዚን ሰልፍ ነው፤ ሲገኝ ዘይቱን ራሴ እለካለሁ። ካንዴላውን በየሳምንቱ እየፈታሁ እወለውላለሁ። እማዬ ጸበሉን ጎማው ላይ ትረጫለች። ሞተሩ ደኅና ነው፤ ደኅና ያልሆንነው እኛ ነን። ሞተሩ ከተነሣ ሁሉም ያበቃል ብዬ ነበር፤ ሲነሣ ጭራሽ የማላውቀው ነገር በዛብኝ።

የላክሁልህ በሶና ዳቦ ቆሎ ከሀዲስ እጅ ይደርስሃል፤ ስንዴው የቆጋ መስኖ ምርት ነው። እማዬ ግንባርህን ስማሃለች፤ ለማኅሌት የሚሆን ነጠላ እያስፈተለች ነው። መልካሙ ሰላም ብሎሃል። ሲና አጎቴ ግሬደር ላይ ያስቀምጠኛል ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ ብላለች። መሪጌታም በሰላምታ ይባርኩሃል፤ ለሠርጉ ቃሌን አላጥፍም፣ ልቤ ግን አልተደላደለም ብለውኛል።

አባባም ሰላም ብለውሃል። ይህችን መስመር አሥራ አራት ዓመት በየደብዳቤዬ መጨረሻ አንብበሃታል። እውነቱን ልንገርህ፣ አንድም ጊዜ ብለውኝ አያውቁም ነበር፤ ከራሴ እየፈጠርሁ ነው የጻፍሁልህ። ይቅር በለኝ። ዛሬ ግን ይህን ስጽፍ መጥተው ከጎኔ ተቀመጡና ስለ እኔ ምን ብለሽ ነው የምትጽፊለት ብለው ጠየቁኝ። እንደ ሁልጊዜው አልኋቸው። እንደ ሁልጊዜው አይሁን አሉ። ጠይቆኝ ነበር፣ አለው ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ ብለሽ ጻፊ፤ እናትሽም ትስማው አሉኝ። በአባት ቦታ አጎቱ ይቁሙ፣ የተሰጠ ቃል ነው፤ እኔን ከእንግዶቹ ጋር ካስገባኝ ግን እመጣለሁ በዪው አሉ። ይህችን ያሏትን ብቻ ጽፌ አነበብሁላቸው። ከዚያ ብዕሩን ተቀብለው ከታች ስማቸውን ሊያኖሩ ጀመሩ፤ ገድሉ ብለው ጻፉ፣ ቆይተው ሰረዙት፣ አባትህ ብለው ጻፉ። ስርዙ የእሳቸው ነው። መልሱን ለእሳቸው ጻፍላቸው።

እኅትህ ሰገነት ገድሉ
ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ
መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.