የአባዬ መድኃኒትና የአምባሳደሮቹ ጥሪ

ሰኞ፣ ጥር 18። ጠዋት

ዛሬም እማዬ ቀድማኝ ነቅታለች። ሬዲዮኑን ጆሮዋ ሥር አድርጋ፣ ድምፁን ዝቅ፣ እንዳልነቃባት። የምታስሰው ሌላ ጣቢያ ነው። እኔ የምተረጉምለትን ጣቢያ ዜና ማታ ከኔው ትሰማዋለች።

አገር ቤት ከቀረው አባዬ አሁንም ወሬ የለም። መንገዱ ዝግ፣ ስልኩ ዝግ። ስኳር አለበት፤ ኢንሱሊኑ እስካሁን አልቆበት ይሆናል። እማዬ ለጉልበቷ ሕክምና እኔ ጋ ለቡ በመጣች ሰሞን ነው ውጊያው የጀመረው። አብሯት እንዲመጣ ስንት ለመንኩት! ቤቴን ለማን ጥዬ አለ። ግትር። የኔ ግትር። ናፈቀኝ፣ ደብተሬ።

የታክሲው ሰልፍ ሳይረዝም ልሩጥ።

ማክሰኞ፣ ጥር 19። ከሥራ መልስ

የዛሬ ሥራዬ፦ አምባሳደሮች በጋራ ያወጡትን መግለጫ ወደ አማርኛ መመለስ። ተኩስ ይቁም። ለሰብዓዊ ድጋፍ መንገድ ይከፈት። ዘላቂ ሰላም በንግግር ይምጣ። ስንቴ ተርጉሜዋለሁ! ጣቶቼ ብቻቸውን ይጽፉታል። ዛሬ ግን «መድኃኒት» የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። አለቃዬ አይቶኛል። ሻይ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ። እግዜር ይስጠው።

ለእማዬ ነገርኳት። አምባሳደሮቹ ጥሪ አቀረቡ አልኳት።

«ጠሩ? ታዲያ አቤት ያለ አለ?»

 ጉልበቷን በቅባት ማሸት ጀመርኩ፤ እሷ ራሴን ትዳብሳለች። እኔ ላጽናናት ቁጭ ብዬ እሷ ታጽናናኛለች።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ጋዜጣዊ መግለጫ ነበር። አስተርጓሚ ሆኜ ሄድኩ። ከአምባሳደሮቹ አንዱ፣ ሽበታሙ፣ መድኃኒት የጫኑ መኪኖች እንዲገቡ ተፈቅዷል፣ መግባታቸውን ግን ገና አላረጋገጥንም አለ። ተረጎምኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ ኮራሁ።

ሲያልቅ አላስቻለኝም። በሩ ላይ ደረስኩበትና ጭነቱ ውስጥ ኢንሱሊን አለበት ወይ አልኩት። አስተርጓሚ እንዲህ አያደርግም፤ አውቃለሁ። ለማን ነው አለኝ። ለአባቴ።  አላውቅም፣ ግን እጠይቃለሁ ብሎ እጄን በሁለት እጁ ያዘ። ዓይኑ እርጥብ ነበር። እኔ ደግሞ እንደ ወረቀታቸው ደረቅ ይመስሉኝ ነበር። ተሳስቻለሁ።

ለእማዬ አልነገርኳትም። ተስፋ ሰጥቼ ብነሳትስ?

ሐሙስ፣ ጥር 21። አስተርእዮ ማርያም

 ቀስ ብዬ ልንገርሽ።

ማለዳ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ደምሴ። ከኋላው ጎረቤቶች፣ ሁሉም ነጠላ ለብሰው። ደብተሬ፣ በእኛ ዘንድ የዕድር ዳኛ ጎረቤት አስከትሎ በማለዳ የሚመጣው ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ለመርዶ ነው።  ጋሽ ደምሴ አፉን ሳይከፍት እማዬ ከኋላዬ ብቅ አለች።

«ወይኔ ጌታዬ! ወይኔ ባሌ!»

ደረቷን ትደቃለች። እኔም አብሬያት እሪ አልኩ። ጋሽ ደምሴ አይደለም፣ ኧረ በማርያም አይደለም እያለ ይጮኻል፤ ማን ይስማው! ፊት ለፊት ያለችው ታደለች፣ ጴንጤዋ፣ ያለ ጫማ ሮጣ መጥታ እማዬን አቅፋ ጮክ ብላ ትጸልያለች። አንዱ ጎረቤት ደግሞ ፈጥኖ የዕድሩ ድንኳን እንዲመጣ ደውሎ ኖሯል። ጉድ እኮ ነው!

በመጨረሻ ጋሽ ደምሴ እማዬን ትከሻዋን ይዞ፦ «እትዬ የሺ! ሰውዬው አሉ እኮ ነው የምልዎ! በሕይወት አሉ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። የጋሽ ደምሴ የእህት ልጅ አባዬ ያለበት አገር ጤና ጣቢያ ይሠራል። ስልክ ወደሚሠራበት ከተማ ወጥቶ ደወለለት፤ እነ ጋሽ ደምሴ ሀና ማርያም ኪዳን አድርሰው ሲወጡ። መኪኖቹ ገብተዋል። አባዬ ኢንሱሊኑን ራሱ መጥቶ ወስዷል። ከስቷል፤ ግን በእግሩ ነው የመጣው። በእግሩ! እነሱም ደስታው አስቸኩሏቸው ከነነጠላቸው ተያይዘው ወደኛ። ሰዓቱ የመርዶ መሆኑን ማን ያስብ።

እማዬ ጋሽ ደምሴን በቡጢ ደበደበችው። እውነቴን ነው! እንዲህ ይመጣል? በሩቁ እልል አይባልም? አለችው። ከዚያ አንገቱን አቅፋ ሳመችው። ድንኳኑን የጫኑት ሲደርሱ ሰፈሩ በሳቅ ሞተ። ታደለች እልልታውን አቀለጠችው። እኔ ግን ጓዳ ገብቼ ደግሜ አለቀስኩ።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ዛሬም መግለጫ። አምባሳደሮቹ በመኪኖቹ መግባት ተደስተዋል፤ መንገዱ ሳይቋረጥ ክፍት ይሁን ይላሉ። «ሳይቋረጥ» የሚለውን ተጠንቅቄ ጻፍኩት። የአባዬ መድኃኒት እንደገና ያልቃላ!

ቤት ስገባ እማዬ ሻንጣዋን አልጋ ላይ ዘርግታለች። አውቶቡስ እስከ ወረዳችን ከተማ መሄድ ጀምሯል መባሉን ሰምታለች። እሄዳለሁ አለች። ተቆጣሁ። ጉልበትሽስ? መንገዱ ቢዘጋብሽስ? የመጣልኝን ሁሉ አወረድኩባት። አስጨርሳኝ ነው የመለሰችው።

«አንዴ በቁሙ አለቀስኩለት። ሁለተኛ ሰው በሬን አንኳኩቶ አይነግረኝም። ቢዘጋም አብሬው ይዘጋብኝ።»

 አቀፍኳት። ቀለለችብኝ፤ መቼ እንዲህ እንዳነሰች አላውቅም።

ሰኞ ፈቃድ እጠይቃለሁ። አብሬያት እሄዳለሁ። የሚቀጥለውን መግለጫ ሌላ ሰው ይተርጉመው።