በአርባው ቀን

ነሐሴ 3፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ምዕ. 9 ላይ ነን። ውጭ ዝናብ። አባባ ቅዳሴ ላይ ናቸው፤ ፍልሰታ ስለሆነ ቶሎ አይመለሱም። እማን ጉልበቷ አላስኬድ ብሏት ቤት ቀርታለች። ዓይኗንም ሞራ ስለጋረደው ማንበቡ የእኔ ሥራ ሆኗል። ት/ቤት ዝግ ነው፣ የክረምት አስተማሪ ምን ሥራ አለው! ጠዋት ገድል፣ ከሰዓት ይኸው ልብ አንጠልጣይ። በጾም ልቦለድ ኃጢአት አይሆንም ወይ ብላኝ ነበር እማ። በሦስተኛው ቀን ግን ራሷ ያቺን ነገር አምጫት ማለት ጀመረች።

ታሪኩ ለአንቺም ይድረስሽ፣ ማስታወሻዬ። አዲስ አበባ፣ ትልቅ ግቢ፣ ባል ዳኛ። ሚስትየዋ ስልኳ ላይ ላኪው የማይታወቅ ዛቻ ይደርሳታል። አብሳይዋ ትጠፋለች። ልጃቸው ሶስና የገዛ እናቷን ትጠረጥራለች። ደራሲው በየምዕራፉ መጨረሻ በር ያስንኳኳል፤ የዚያ ቤት በር እስካሁን አለመገንጠሉ ይገርመኛል። ግን ላስቀምጠው አልቻልኩም።

ክርክርም ጀምረናል። እኔ ሴትዮዋ ውሸታም ናት ባይ ነኝ። ዕድሜ ልኩን አብሯት የኖረ ሰው እውነቱን ማወቅ አለበት። እማ አልተስማማችም። ምን ታድርግ፣ ማን ጠይቋት ያውቃል አለች።

ነሐሴ 5

ምዕ. 14። ምስጢሩ ወጣ! ሴትዮዋ ከዳኛው በፊት ሐረር ላይ ልጅ ወልዳ ነበር። ባልየው አያውቅም። አላልኩሽም ብዬ ጮህኩ። ቀጥሎ የዚያ ልጅ ክርስትና ይተረካል፤ ድግስ፣ ነጭ ልብስ፣ ዘመድ አዝማድ። እማ ድንገት አቋረጠችኝ።

«የእኔስ አርባው የሞላ ለት ዝናብ ነበር። ገነተ ማርያም ድረስ በጋቢ ጠቅልዬ ወሰድሁት፣ ብቻዬን።»

እሺ ብዬ ማንበቤን ቀጠልኩ። ያለችው የገባኝ ገጾች ካለፉ በኋላ ነው።

አርባ የወንድ ነው። ሴት ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው። ይኼን የማያውቅ የለም፣ በቄስ ቤት ደግሞ ጭራሽ። እማ የወለደችው እኔንና ደሴ ያለችውን እህቴን ነው፤ ሁለት ሴት። ሁለታችንም ክርስትና የተነሳነው እዚሁ ላሊበላ ነው፤ ገነተ ማርያም የእማ የልጅነት አገር ነው።

ተሳስታ ይሆን? እማ? የዕለቱን ቅዱስ ከእንቅልፏ ሳትነቃ የምትነግርሽ ሴት?

ነሐሴ 6

ወንድም ነበረኝ ማለት ነው። መቼ? ከአባባ ጋር ከተጋቡ በኋላ ቢሆን ለምን ይደበቃል? ልጅ የሞተበት ቤት ሞልቷል፣ ይነገራል፣ ይለቀሳል። ስለዚህ በፊት ነው። በፊት ከሆነ ደግሞ

ላለመጻፍ ስል ሄጄ ድስት አጠብኩ። ተመለስኩ።

በፊት ከሆነ የአባባ ነገር አበቃለት። ዲያቆን የሚቀስሰው ድንግል አግብቶ፣ ከእሷ ጋር ቆርቦ ነው። ድንግል ካልነበረች ቅስናው የለም። ይህን ሁሉ ዘመን የቀደሱት፣ ያቆረቡት፣ ለሙት የፈቱት! አያውቁም። በፍጹም አያውቁም። ቢያውቁ የዚያኑ ቀን መስቀላቸውን አስቀምጠው ይወጣሉ፤ እኔ ነኝ የማውቃቸው።

ተናድጃለሁ፣ በማን እንደሆነ ግን እንጃ። በሴትዮዋ ላይ እንደዚያ ስፈርድ እማ አጠገቤ ቁጭ ብላ ትሰማ ነበር።

ነሐሴ 8

ሞከርኩ። ገነተ ማርያም እያላችሁ ኑሮው እንዴት ነበር አልኳት፣ እንደ ዋዛ። መርማሪ መሆኔ ነው። ምስሩን ለቅመሽ ጨርሺ አለችኝ። መጽሐፉንም አልጠየቀችም፣ ትናንትም ዛሬም።

ራት ላይ አባባ ምነው ቤቱ ዝም አለ አሉ። ምንም አልናቸው፣ እሷም እኔም፣ በአንድ አፍ።

ነሐሴ 10

መጨረሻውን ብቻዬን አነበብኩት። ሶስና በአባቷ ልደት፣ እንግዳ በተሰበሰበበት፣ ብርጭቆ ይዛ ተነስታ ሁሉንም ታወጣዋለች። ዳኛው ኮቱን አንስቶ ይሄዳል፣ አይመለስም። ሶስና ቀለላት ይላል ደራሲው። ባለፈው ሳምንት ቢሆን አጨበጭብለት ነበር። ዛሬ መጽሐፉን ወረወርኩት። የሰው ነው፤ አነሳሁና ጠረግኩት።

ግን አባባ የማወቅ መብት የላቸውም? አላቸው። ታዲያ ነጋሪዋ እኔ ነኝ? ፈራሁ።

ነሐሴ 12፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

እማ መጨረሻውን አንብቢልኝ አለች። ጀመርኩ። ልደቱ፣ እንግዶቹ፣ ሶስና ስትነሳ። እዚያ ላይ አፌ ሌላ ተናገረ። አባዬ እንኳን ተወለድህልኝ ብላ ተቀመጠች አልኩ። ኬክ አስቆረስኩ። እናትና ልጅን እጅ ለእጅ አያያዝኩ። ከደራሲው አላንስም።

እማ መጽሐፉን በእጇ ዳበሰች።

«ገጹን እኮ አልገለጥሽውም» አለች።

ሞራ ዓይን እንጂ ጆሮ አይጋርድም። አለቀስኩ። ከዚያ ነገረችኝ፣ ረጅም አይደለም። ልጅ ነበረች። አክስቷ ዘንድ ተልካ ስትመለስ አንድ ጎልማሳ መንገድ ላይ ጠበቃት። ማን እንደሆነ አላለችም፣ አልጠየቅኩም። አያቴ ደብቃ አስወለደቻት። ክርስትና አባት እንኳ ጠፍቶ አንድ መንገደኛ ለምና አቆመች። ልጁ ለገብስ አጨዳው አልደረሰም። ቆይቶ የአባባ ሽማግሌዎች መጡ፤ አያቴ ልጄ ድንግል ናት ብላ ማለች። እማን የጠየቃት የለም። የነፍስ አባቷ ብቻ ያውቁ ነበር፣ እሳቸውም ዐርፈዋል።

አባባስ አልኩ። እጇን መሬት ላይ እያሸች መለሰችልኝ።

«በሠርጉ ሌሊት ለሚዜዎቹ ጨርቁን ያወጡት እሳቸው ናቸው፣ ደም ነክቶት። የእኔ አልነበረም። የማን እንደሆነ አልጠየቅሁም፣ እሳቸውም አልነገሩኝም።»

ነሐሴ 13

አባባ ያውቃሉ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቃሉ። አውቀውም ቀሰሱ። ዛሬ ከቅዳሴ ሲመለሱ በረኛዋ እኔ ነበርኩ፤ መስቀሉን ተሳለምኩ። እጃቸውን አየሁት። ለዚያ ደም ጣታቸውን ይሆን የቆረጡት? ወይስ ክንዳቸውን? ኃጢአት ይሁን ጽድቅ እኔ አልፈርድም፣ ፈራጅነቱ ካሁን በኋላ ይቅርብኝ። እወዳቸዋለሁ። እማንም።

ነሐሴ 15

ወስኛለሁ። ጾሙ ከተፈታ በማግስቱ እማን ይዤ ገነተ ማርያም እሄዳለሁ። ልጁ ያረፈበትን ከወጣች ወዲህ አላየችውም፤ ዓይኗ ሳይጠፋ ትየው። እስከ ደጁ መኪና፣ ከዚያ ጉልበቷን እደግፋታለሁ።

ለአባባ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ገነተ ማርያም ስለት አለብን አልኩ፣ ፊታቸውን ሳላይ። የምን ስለት እንደሆነ አልጠየቁም። ተነስተው ጃንጥላቸውን ከግድግዳው አወረዱ፣ ጧፍም ጨመሩበት። እማ ልትቀበላቸው እጇን ስትዘረጋ ትንሽ ያዙባትና

«ለእኔም አንድ አብሪልኝ» አሏት።