የጋሼ ቢተው ባሕር ዛፍ

ሰኞ፣ የካቲት 10 ቀን 2017፣ አምበር

ዛሬ አፌ አሳፈረኝ። ከአክስቴ ከዘውዴ ጋር ወደ ምንጩ ወረድኩ። ከበላዩ የቆመውን የጋሼ ቢተውን ባሕር ዛፍ ቀና ብዬ አየሁና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «እንዴት ያምራል! እጅዎ ይባረክ!» አልኳቸው። ሰፈሩ የተሰበሰበው ለካ ዛፉን እንዲነቅሉ ሊለምናቸው ኖሯል። ውኃውን እየመጠጠ ምንጩን አድርቆታል፤ አንድ ጀሪካን ለመሙላት ግማሽ ቀን ወረፋ ነው።

ጋሼ ቢተው ደረታቸውን ነፉ። «ሰማችሁ? የመጽሔት ጸሐፊ መሰከረችልኝ!»

«ታዲያ ምስክርነቷን በጀሪካን እንቅዳው?» አለች አክስቴ።

ሁሉም ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። እንጨቱን ለልጃቸው ቤት መሥሪያ ነው ያቆዩት፤ ትንሽ ቢቆይ ደግሞ ይደነድናል።

ሰፈሩ ያቀረበላቸው እንዲህ ነው። ጉቶውን በደቦ ይነቅላል፣ የልጁንም ቤት በደቦ ያቆማል፤ በቦታውም ዋንዛና ሣር ይተክላል። ከብት እንዳይገባበት ከተከለለው ተራራ ሣር ሲታጨድም መጀመሪያ የሚጭኑት እሳቸው ይሆናሉ።

«ደቦ ሲጠራ ሁሉም አለሁ ይላል፤ ጉቶ ሲነቀል ሁሉንም ወገቡን ያመዋል» አሉ ጋሼ ቢተው። «ሚካኤልን አክብረን ሐሙስ ጠዋት ዶማችሁን ይዛችሁ ኑ። የመጣውን ሰው አይቼ እመልስላችኋለሁ።»

ቤት እንደገባን አክስቴ ዶማ አውጥታ በሩ ጥግ አቆመችልኝ። «ያሞገስሽውን አንቺው ትነቅይዋለሽ» አለችኝ።

ሐሙስ ማን እንደመጣና ማንን ወገቡን እንዳመመው፣ እጄ ብዕር ለመያዝ ከተረፈ፣ እዚሁ እጽፈዋለሁ።