የሩበን ጎድን

ኦገስት 12፣ ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ ወደብ ላይ የጀልባ ሆድ ስፍቅ ዋልኩ። ክርኔ አልታመመም፤ ግን ዝምም አላለም። አመሻሽ ላይ ልምምድ። አርባ ኳስ ወረወርኩ። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው... በዚህ ዕድሜ አባቴ ቤዝቦሉን ትቶ መረብ ይጠግን ነበር።

እራት ላይ ዶናቴላ፣ "ምን ያቁነጠንጥሃል?" አለችኝ።

"ምንም።"

"ምንም ያልሆነ ሰው ሳህኑን በሹካ አያንኳኳም።"

ሚስቴ ናት፤ ምን ይደበቃታል? የብሔራዊ ቡድኑ ዝርዝር ነገ ይወጣል።

ኦገስት 13

ስሜ አለ። የአውሮፓ ዋንጫ፣ ሮተርዳም። ኮች ፋውስቶ ራሳቸው ደወሉ። "ቱሊዮ፣ ይሄ የመጨረሻህ ነው። አውቀህ ና።" በከተማችን በኔቱኖ ወሬ መቼ ያድራል? ዳቦ ቤት ስገባ ሁሉም ሰምቷል።

ከሰዓት የሆላንድን ዝርዝር አየሁ። ተቀባይ፦ ሩበን።

ገምቼ ነበር። በዓይን ማየት ግን ሌላ ነው።

ኦገስት 17

ከሐሳቤ አልወጣ አለ። አንድ ሰፈር ነው ያደግነው። አባቱ የኛው ዓሣ አጥማጅ፣ እናቱ ሆላንዳዊት። እኔ ወርዋሪ፣ እሱ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ኳሴን የሚይዝ ተቀባይ፤ አሥራ አንድ ዓመት። ሬገንስበርግ ሁለት ዓመት የጀርመን ዝናብ አብረን ጠገብን። ከዚያ ሮተርዳም። እኔ ናፍቆቱ አላስቀምጥ ሲለኝ ተመለስኩ፣ እሱ አግብቶ ቀረ። አምና የእናቱን አገር ማሊያ ለበሰ። እዚህ ቡና ቤት "ከሃዲው" ነው የሚሉት። እኔ ዝም እላለሁ።

የሚያሳስበኝ ማሊያው አይደለም። ታጣፊውን፣ መቺው ጋ ሲደርስ አቅጣጫ የሚቀይረውን ኳስ፣ ልወረውር ስል የግራ እጄ ጓንት ይከፈታል። ትንሽ ነው፣ የጣት ያህል። መቺው ይህን ካወቀ የሚመጣለትን ኳስ ቀድሞ አወቀ ማለት ነው። እስከ ዛሬ ያየብኝ አንድ ሰው ነው። "ሲደክምህ ጓንትህ ያወራል" ይለኝ ነበር ሩበን።

ይነግራቸው ይሆን?

ኦገስት 24

መስታወት ፊት ሁለት መቶ ጊዜ። ጓንቱን ስዘጋ ኳሱ አይታጠፍም። ኳሱ ሲታጠፍ ጓንቱ ይከፈታል። ዶናቴላ በበሩ ስታልፍ፣ "ለምን ደውለህ አትጠይቀውም?" አለች።

ምን ብዬ?

ኦገስት 25

አልደወልኩም።

ሴፕቴምበር 3፣ ሮተርዳም

ነፋስ። ቼኮችን አሸነፍን፤ እኔ አልገባሁም። ከሜዳው ጀርባ፣ ኮሪደሩ ላይ ከሩበን ጋር ፊት ለፊት ተጋጠምን።

"ወፍረሃል" አለኝ።

"አንተም ጸጉርህን የት ጣልከው?"

ሳቅን። እናቴን ጠየቀኝ፣ የእሱን ጠየቅኩ። ስለ ጓንቱ ማናችንም አላነሳንም። ሲሄድ ጀርባውን ሳይ ቆየሁ። ምን ፈልጌ ነው?

ሴፕቴምበር 6

ነገ ግማሽ ፍጻሜ፣ ከሆላንድ። የምጀምረው እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ ገጥሜያቸው ሁለቴም ተሸንፌያለሁ። ሆቴሉን ሦስት ጊዜ ዞርኩት። እንግዳ ተቀባይዋ "የጠፋብህ ነገር አለ?" አለችኝ።

ሴፕቴምበር 7፣ እሑድ

አሸነፍን። ሦስት ለሁለት።

ለማንም አልተናገርኩም። እዚህ ግን እንደሆነው ልጻፈው።

ሦስት ዙር ኳሴን በዱላው የነካ የለም። በአራተኛው ክንዴ ከበደኝ። ታጣፊ ወረወርኩ፣ መቱት። ሌላ ታጣፊ፣ መቱት። ሦስተኛውም እንደዚያው። እየጠበቁት ነው የሚመቱት... ሁለት ነጥብ አገቡ። ቀጥሎ የመምታት ተራው የሩበን ነው፤ ዱላውን ይዞ መጣ። ፊቴን አላየም። ጓንቴን ነው ያየው።

ያኔ ውስጤ የነደደው... እንጃ። ፈጣኑን ኳስ ያዝኩና ወደ ጎድኑ ላክሁት። ሆን ብዬ። አላመለጠኝም።

ድምፁን ሰማሁት። ተንበረከከ። ተነሳ። ወደ እኔ አልመጣም፣ አልሰደበኝም። በኳስ የተመታ ሰው በደንቡ የሚሰጠው አንደኛው ማረፊያ ድረስ ሄዶ እዚያ እጥፍ አለ። ደግፈው አስወጡት። ዳኛው ኳሱ ያመለጠኝ መስሎታል። በሩበን ቦታ የገባው ተቀባይ ሁለት ኳስ ጣለ፣ በዚያ ሦስት ነጥብ አገባን።

ጓደኞቼ ትከሻቸው ላይ አወጡኝ። ከላይ ሆኜ የማስበው አንድ ነገር ብቻ፦ መቼ ነው የሚያወርዱኝ?

ሴፕቴምበር 8

ሩበን ቤት ሄድኩ። በሩን የከፈተችው ሚስቱ ፍሌር ናት። "ግባ" አለች። ሻይ ሰጠችኝ፣ ከቆርቆሮው አንድ ብስኩት አወጣችልኝና መልሳ ከደነችው። ሩበን ወንበር ላይ ተደግፎ ተቀምጧል፤ መተኛት አይችልም። ሁለት የጎድን አጥንቱ ተሰንጥቋል።

"ሩበን፣ ያ ኳስ..."

"አውቃለሁ።"

"ሆን ብዬ ነው።"

"አውቃለሁ አልኩህ እኮ። አሥራ አንድ ዓመት ኳስህን ተቀብያለሁ። አንተ ያላሰብከው ቦታ ወርውረህ አታውቅም።"

"ታዲያ ለዳኛው ለምን አልነገርክም?"

"አንተ ትነግረዋለህ ብዬ ጠበቅኩ።"

ሻዩን አስቀመጥኩ። በመጨረሻ ጠየቅኩት፦ "ስለ ጓንቱ ነግረሃቸዋል?"

"በመጀመሪያው ቀን። የእነሱን ማሊያ ለብሼ ልደብቃቸው? አንተ ብትሆን አትናገርም?"

አሰብኩ። እናገር ነበር።

"እናገራለሁ" አልኩት።

"እኔ ግን" አለ፣ ትንፋሹን በስሱ እየሳበ፣ "እኔ ግን ጎድንህን አልመታህም ነበር።"

ሴፕቴምበር 9

ለኮች ፋውስቶ ነገርኳቸው። ነገ ፍጻሜ ነው።

"ማን ጠየቀህ?"

"ማንም።"

"እንግዲያው ዋንጫው እስኪያልቅ አፍህን ዝጋ።"

"ለውድድሩ ኃላፊዎች አሁን ነው የምነግረው ኮች።"

"ሃያ ልጅ ሜዳ ላይ ጥለህ ልትሄድ ነው?" አሉ። ይህኛው ነው የወጋኝ። እውነት አላቸው። ግን ሄድኩ። ጻፍኩ፣ ፈረምኩ።

ሴፕቴምበር 10

ስፔን አምስት ለአንድ አሸነፈን። ተመልካች መሃል ተቀምጬ አየሁት። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ የለም።

ሴፕቴምበር 22

ደብዳቤው መጣ። አንድ ዓመት እገዳ። በሠላሳ ስድስት ዓመት አንድ ዓመት ማለት... ዶናቴላ ሁለቴ አነበበችው። "በቃ?" አለች። "በቃ" አልኳት።

ኦክቶበር 4፣ ቅዳሜ

ዛሬ ቡና ቤት ገባሁ፤ ከተመለስኩ ለመጀመሪያ ጊዜ። ሽማግሌው ሴስቲሊዮ ከወንበራቸው ተነስተው ትከሻዬን ያዙኝ። "ዋንጫው ይቅር። ለከሃዲው የእጁን ሰጥተኸዋል!" ሰው ሁሉ ሳቀ።

"ከሃዲ አይደለም ጋሼ" አልኩ። "ሥራውን ነው የሠራው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ኳስ ላሳልፍ ሳይሆን ሰው ልሰብር የወረወርኩ እኔ ነኝ።" ምን እንዳልኩ በደንብ አላስታውስም፤ ተምታታብኝ። የመጨረሻው ግን ገብቷቸዋል። ሴስቲሊዮ እጃቸውን ከትከሻዬ አነሱ። ጠጥቼ ጨረስኩና ወጣሁ።

ባሕሩ ዳር ቆሜ ደወልኩ።

"ትተነፍሳለህ?" አልኩት።

"ካልሳቅኩ።"

"እንግዲያው ቁም ነገር እናውራ።"

ሳቀ። ከዚያ "አይ አንተ... አመመኝ እኮ" አለ፤ እየሳቀ ነው። ስለ እናቶቻችን፣ ስለ ፍሌር፣ ስለ ከተማው፣ ማን እንደሞተ፣ ማን እንዳገባ... ስልኩ ባትሪ እስኪጨርስ አወራን።

ስለ ኳስ አንድ ቃል አላነሳንም።