የኔ ሰጋቱራ

ኅዳር 3 ቀን 1977

ቆሻሻ ነው ይለኛል እንዴ! ቆሻሻ? አለቃዬ ጋሽ መኩሪያ ሰጋቱራውን ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ ያስጥለናል፣ እኔ ደሞ በጆንያ ተሸክሜ ወደ ቤት። ምን ላድርግ? ነፋስ ስልክ ሙሉ ላምባ ጠፍቷል። እማዬ ጠዋት ለፋብሪካ ሠራተኛ ሻይና ቅቅል ድንች ካልሸጠች... ምን እንበላለን?

ኅዳር 5

ምድጃዬ ተሳካ! የዘይት ቆርቆሮ፣ ከታች ቀዳዳ፣ መሃሉ ላይ ጠርሙስ። ዙሪያውን ሰጋቱራ ጠቅጠቅ፣ ከዚያ ጠርሙሱን ቀስ አርጎ መሳብ። ጠዋት የለኮስኩት እስከ ቀትር ነደደ። ስድስተኛ ክፍል ያልጨረስኩት እኔ!

ኅዳር 14

ሰፈሩ በሙሉ ደጄ ላይ ነው። ለእትዬ ዘነቡ ሠራሁ፣ ለነከድር ሠራሁ። ያቺ ኩሩ ኤሌኒ ሳትቀር፣ "ኢንጂነሩ፣ ለኛስ?"
"ተራሽን ጠብቂ!"
እማዬ ግን... "አፍህን ያዝ ልጄ። ሁሉም ከለመደው ላንተ ምን ይተርፍሃል?"
ያልቃል እንዴ? ተራራ እኮ ነው!

ኅዳር 21

የቀበሌ ስብሰባ። ተነስቼ፣ "ላምባ ድሮ ቀረ! ሰጋቱራው ያለበትን እኔ አሳያችኋለሁ" አልኩ። ሊቀመንበሩ ጓድ ምትኩ አስጨበጨበልኝ። እንደኔ ማን አለ?

ኅዳር 24

መሰንጠቂያው ጀርባ ጥበቃ ቆሟል። "የሰፊው ሕዝብ ንብረት ነው። ያለ ቀበሌ ኩፖን አይነካም።"
"እኔ አይደለሁ እንዴ ያሳየሁት?"
"ለዚህ ነዋ የምንጠብቀው" አለና ሳቀብኝ።
ጋሽ መኩሪያ ወደ ጥግ ሳበኝ። "ቆሻሻ ነው ያልኩህ ለምን መሰለህ፣ አንተ ደደብ? ቆሻሻ ማንም አይቀማህም ብዬ እኮ ነው።"

ኅዳር 29

ኩፖን ታደለ። ለእትዬ ዘነቡ ደረሳት፣ ለነኤሌኒ ደረሳቸው። ለእማዬ? "ነጋዴ ነሽ" ተባለች። ድንች ቀቅላ ነጋዴ!

ታኅሣሥ 2

ሠራተኞቹ ደጃችንን አልፈው ሄዱ። እማዬ አልተቆጣችኝም። ቆርቆሮውን ገልብጣ ተቀመጠችበት። ምናለ ብትሰድበኝ...

ታኅሣሥ 4

ላፍቶ ሜዳ ላይ ደረቅ ኩበት አገኘሁ። ለማንም አልተነፈስኩም። ስመለስ ኤሌኒ፣ "ኢንጂነሩ፣ ምን ተሸክመሃል?"
"ቆሻሻ" አልኳት።
ኩበቱም ሲያልቅስ? ከዚያ ወዲያ ምን ይነዳል? አንተ ጓድ ምትኩ፣ ማስጨብጨብ ታውቃለህ... በል መልስ! አሁኑኑ!