እማማ ኦን ዪ ከመርከቧ አልወርድም አሉ

ማ ትዌ እህቴ፣

ከካታ ነው የምጽፍልሽ። ዘንድሮ የኢራዋዲ ወንዝ ክፉኛ ስለጎደለ፣ ከብዙ ዓመታት በፊት በማዕበል የሰጠመችው የእንፋሎት መርከብ ከአሸዋው ውስጥ ብቅ አለች። እማማ ኦን ዪ የካፒቴኑ ልጅ ናቸው። መንደሩ ዕድሜያቸውን ሙሉ "አባትሽ ተሳፋሪ ጥሎ ከመርከብ የዘለለ ፈሪ" ሲላቸው ኖሯል።

አሸዋው ሲጠረግ በመሪው ክፍል ውስጥ አጽም ተገኘ። ራሱን በሰንሰለት ከመሪው ጋር አስሯል፤ የካፒቴን ልብሱ የነሐስ ቁልፎችም ደረቱ ላይ ነበሩ። አንድ የቁራጭ ብረት ነጋዴ መርከቧን ሊቆራርጥ መቁረጫ ይዞ ሲመጣ እማማ መርከቧ ላይ ወጥተው ተቀመጡ።

"እማማ፣ ይውረዱ እንጂ! አጽሙን እኛ እናወጣልዎታለን" አላቸው ነጋዴው።

"አልወርድም! ፈሪ ሲሉት የኖሩት መጥተው በእጃቸው ያውጡት!"

"አርጅተዋል እኮ!"

"እኔስ ኮረዳ ነኝ?"

እኛ ጋ ያንጎን ቢሆን ፖሊስ ጎትቶ ያወርዳቸው ነበር። እዚህ ግን ማንም ሊነካቸው አልደፈረም። ከሰዓት በኋላ፣ ከሁሉም በላይ ሲሰድቧቸው የኖሩት ሽማግሌው ኡ ፖ ሳ ጫማቸውን አውልቀው ጭቃው ውስጥ ገቡ። እሳቸው ራሳቸው ሕፃን ሳሉ ከዚያችው መርከብ የተረፉ ናቸው። ሌሎቹም ተከተሏቸውና አጽሙን ከመሪው ፈተው ተሸከሙት።

እማማ አላለቀሱም። ከላይ ሆነው "ቀስ በል ፖ ሳ!" ብለው ጮኹባቸው። "ካፒቴን ነው የተሸከምከው!"

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ለእናትሽ እጅ ነስታለች በይልኝ፤ ልጆቹን ሳሚልኝ። የካርዱን ጥግ ያቆሸሸው ያው ጭቃ ነው፤ እኔም አብሬ ተሸክሜያለሁ።

ያንቺው ቲዳር