«ጨርሰው» ስላለው ወንድሜ፣ ለክቡር ዐቃቤ ሕግ

ለተከበሩ ዐቃቤ ሕግ አቶ ኒቆዲሞስ፣

ጌታዬ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጤናዎስ? በተለይ ጉሮሮዎ አሳስቦኛል። ባለፈው ችሎት «በሞት ይቀጣልን!» ብለው ሲጮኹ የቆሰለ መስሎኛል፤ ማር በሎሚ ይጠጡበት።

እኔ የተከሳሹ የፍፁም ታላቅ ወንድም ቢኒያም ነኝ። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ትቼዋለሁ፤ ግን ሐረር ላይ አይሱዙ በመጫን የሚስተካከለኝ የለም፣ ማንንም ይጠይቁ። ሐሙስ ቅጣቱ ስለሚነበብ ከዚያ በፊት ቅሬታዬን በቁጥር አድርጌ አደባባይ አወጣሁልዎ።

1ኛ. ወንድሜ ሌባ ነው። ይሄን እርስዎ አልነገሩኝም፣ እኔ ነኝ የምነግርዎ። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ፈረስ መጋላ አጠገብ የአቶ ግርማን የሞባይል ሱቅ ሊዘርፍ ሄደ። ሰው ሁሉ ጫት ሊቅም በርጫ ላይ ተቀምጦ መንገዱ ጭር ያለበት ሰዓት ነው። ሁለቱ ገቡ፣ የኔው ጀግና በር ላይ ቆመ። አቶ ግርማ አንዱን ጨምድደው ሲይዙት በካርቶን መክፈቻ ቢላ ወጋቸው፤ ሞቱ፣ ነፍሳቸውን ይማር። የወጋውና ጓደኛው እስከ ዛሬ አልተያዙም። እርስዎ ግን በር ላይ የቆመውን ስላገኙ ሌላ ሰው መፈለግ አላስፈለገዎትም። ለትጋትዎ አመሰግናለሁ።

2ኛ. ጎረቤቷ ወይዘሮ ናፊያ «ወላሂ፣ በር ላይ ያለው ልጅ ‹ቶሎ ጨርሰው!› ሲል ሰምቻለሁ» ብለው መሰከሩ። አልዋሹም፣ ብሏል። እርስዎ ደግሞ «ጨርሰው ማለት ግደለው ማለት ነው» ብለው ተረጎሙት። ጌታዬ፣ ወንድሜ ከኔ ጋር አራት ዓመት ጫት ጭኗል። መኪና ላይ ለወጣው ልጅ «ጨርሰው» ስንል ጭነቱን ነው። በቀን መቶ ጊዜ እንላለን፣ እስካሁን የቀበርነው ልጅ የለም። ባለፈው ሳምንት ቢሮዎ ደጅ ስጠና፣ እርስዎም ለጸሐፊዎ «ያንን መዝገብ ዛሬ ጨርሰው» ሲሉ ሰምቻለሁ። ለመሆኑ መዝገቡ በሕይወት አለ?

3ኛ. «በቡድን ሲዘርፉ ሰው ከሞተ ሁሉም ይጠየቃል» ብለውኛል። ይጠየቅ! ቢላ መያዛቸውን ያውቅ እንደሆነም ይጠየቅ! እርስዎ ግን ስለ ቢላው አንድም ጥያቄ ሳያነሱ በአንዲት ቃል ሰው ሊያስገድሉ ነው። መንግሥት የመደበለት ጠበቃም ቃሏ ስትተረጎም ስልኩን ይነካካ ነበር፤ ምስጋናዬን ያካፍሉት።

ሐሙስ ጠዋት ተነስተው «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይቺ ቃል ሁለት ትርጉም አላት» ቢሉ ምን ይጎድልብዎታል? እንደማይሉ አውቃለሁ። እናቴም አውቃ ከአሁኑ ልብሷን ጥቁር አስነክራለች።

ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ ለሹመትዎ እድገት፣ ለእንቅልፍዎ ሰላም እየተመኘሁ፣
የሐረር አንደኛ ጫኝ፣ እስከ ሐሙስ ድረስ የፍፁም ወንድም፣
ቢኒያም

ከፊርማ በኋላ የመጣ፦ ትናንት ይቅርታ ልጠይቅ የአቶ ግርማ ባለቤት ወይዘሮ ተናኘወርቅ ጋ ሄጄ ነበር። አላባረሩኝም። ስለ «ጨርሰው» ትርጉም አንድ ሳላስቀር አስረዳኋቸው፤ ሳወራ ደግሞ ማንም አይችለኝም። ሰምተውኝ ሲያበቁ «እሺ ልጄ፣ ጨርሰው ያለው ስርቆቱን ይሁን። ባሌ ‹ድረሱልኝ› እያለ ሲጮህስ ወንድምህ ምን አለ?» አሉኝ። ማረሚያ ቤት ሄጄ ወንድሜን ጠየቅሁት፤ አንገቱን ደፋ። እርስዎ በስምንት ቀጠሮ ያልጠየቁትን እሳቸው በራቸው ላይ ቆመው ጠየቁኝ። ዐቃቤ ሕጉ እሳቸው ቢሆኑ ኖሮ ይሄን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።